«ጀልባው አመለጠኝ»፦ ሆስፒታል ገብተው ድንገት ስለሚቃዡ አረጋውያንና ስለ ነርሶቻቸው

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ የሚጠይቁት ስለ አንድ ጉዳይ በመሆኑ ዓምዱን ሙሉ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተናል። መልሱን የጻፉልን በባሕር ዳር ከተማ ለረጅም ዓመታት በነርስነትና በነርስ አሠልጣኝነት አገልግለው በጡረታ ላይ የሚገኙት የዓምዱ አማካሪ ናቸው። በጠያቂዎቹ ፈቃድ ስማቸውንም የሆስፒታሎቹንም ስም ትተነዋል።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። በባሕር ዳር በአንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ አስተኝቶ ማከሚያ ክፍል የምሠራ፣ ከተመረቅሁ ሁለተኛ ዓመቴን የያዝኩ ነርስ ነኝ። በታኅሣሥ ወር ሰማንያ የተጠጉ አባት ከዘጌ በጀልባ መጥተው በሳንባ ምች ተኙ። በሁለተኛው ሌሊት «ጀልባው አመለጠኝ፣ ልቀቁኝ» እያሉ ከአልጋ ይነሡ ጀመር፤ ግሉኮሳቸውን ነቀሉት፤ አጠገባቸው የተኛውን ሰው በልጃቸው ስም እየጠሩ ተቆጡት። በዚያ አዳር ለሠላሳ ሕመምተኛ የነበርነው ሁለት ነርሶች ነን። ሁለት እጃቸውን በፋሻ ከአልጋው ብረት ጋር አሰርኳቸው። ልጃቸው «አባቴ ባለፈው ሳምንት ቡና ሲለቅሙ ነበር፤ እንዲህ ሆነው አያውቁም» ሲለኝ «እርጅና ነው፣ ጃጅተዋል» ብዬ መለስኩለት። ጠዋት ሐኪሙ ሆዳቸውን ሲነካ ሽንታቸው ታግዶ ፊኛቸው እንደ ከበሮ ተወጥሮ ተገኘ። ሽንቱ በቱቦ ወጣላቸው፤ የሳንባውም መድኃኒት እየሠራ ሄደ፤ በማግሥቱ ምሽት ስሜን ጠይቀው መረቁኝ። ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ያጠፋሁት ምኑ ላይ ነው? በትምህርት ቤትስ ይህን ያላስተማሩን ለምንድን ነው? እንደ ልጅዎ ቆጥረው ይንገሩኝ። (ነርስ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ «እንደ ልጅዎ ቆጥረው ይንገሩኝ» ስላልሽ «አንቺ» እያልኩ እጽፍልሻለሁ። ደብዳቤሽን ሳነብ አንቺን የሚያንገበግብሽ ማሰርሽ እንደሆነ ተረድቻለሁ፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ። እኔን የከነከነኝ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ለልጃቸው የሰጠሽው መልስ ነው። «ጃጅተዋል» የሚለው ቃል ከአፍ ከወጣ በኋላ ሌላ የሚጠየቅ ነገር አይኖርም፤ የሙቀት መለኪያውም፣ የስኳር መለኪያውም፣ ሆድ ዳስሶ ማየቱም ይቀራል። መጃጀት በወራትና በዓመታት የሚመጣ ነገር ነው። ባለፈው ሳምንት ቅርንጫፍ እየጎተተ ቡና ሲለቅም የነበረ ሰው በሁለት ሌሊት ሊጃጅ አይችልም። ልጃቸው በሽታውን በስሙ ባያውቀውም ምልክቱን ግን በትክክል ነግሮሽ ነበር።

ይህ ሁኔታ በሕክምናው ቋንቋ ዴሊሪየም ይባላል፤ በእኛ አነጋገር «መቃዠት» ወይም «መዘባረቅ» የምንለው ነው። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ በድንገት የሚጀምር፣ አንዴ እየተሻለ አንዴ እየባሰ የሚሄድ፣ ከሁሉ በላይ ትኩረትን የሚነሣ የአንጎል መታወክ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ከአንጎል ውጭ ይገኛል፦ የሳንባ ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የውሃ እጥረት፣ የታገደ ሽንት፣ የሆድ ድርቀት፣ የኦክስጅን ማነስ፣ የስኳር መውረድ፣ ያልታከመ ሥቃይ፣ ወይም በቅርቡ የተጀመረ መድኃኒት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ከፎገራና ከደራ ሜዳ ለሚመጣ ሕመምተኛ ደግሞ ወባን ሳይመረምሩ ማለፍ አይገባም። በሽማግሌ ሰው ላይ መቃዠቱ ከትኩሳቱ ቀድሞ ሊታይ ይችላል፤ ትኩሳቱ ጭራሹን ላይመጣም ይችላል። ስለዚህ መቃዠትን ልክ እንደ ትኩሳት፣ ሌላ ነገር መኖሩን እንደሚጠቁም ምልክት አድርገሽ ያዢው።

ሻሮን ኢኑዬ የተባሉ አሜሪካዊት ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጡት መለያ ዘዴ ዛሬም በብዙ አገር ይሠራበታል። የሚጠይቀው አራት ነገር ነው፦ ለውጡ ድንገት መጥቶ ከፍ ዝቅ ይላል ወይ? ትኩረት ጠፍቷል ወይ? ንግግሩ መያዣ መጨበጫ አጥቷል ወይ? ንቃቱ ከወትሮው ተለይቷል ወይ? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ኖረው ከኋለኞቹ አንዱ ከተጨመረ ዴሊሪየም ነው ብሎ ማሰብ ይገባል። ይህን ለማየት ደቂቃዎች ይበቃሉ። እኚሁ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ሌላ ጥናት ነርሶች በዕለት ሥራቸው ያዩትን፣ በዘዴው የሠለጠኑ ተመራማሪዎች ካዩት ጋር ሲያነጻጽሩት፣ ነርሶቹ ዴሊሪየሙን ያወቁት ካደረባቸው ሕመምተኞች መካከል በ31 ከመቶው ላይ ብቻ ነበር። ይህ በአሜሪካ፣ መሣሪያውም ሥልጠናውም ባለበት ሆስፒታል የሆነ ነገር ነው። ይህን የምነግርሽ ጥፋቱ የአንቺ ብቻ ነው ብለሽ እንዳትቀመጪ ነው፤ እንድትጽናኚበት ብቻ ግን አይደለም።

በዚያ ጥናት ነርሶቹን ይበልጥ ያመለጧቸው የትኞቹ ነበሩ? ዕድሜያቸው 80 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ቀድሞ የመርሳት በሽታ የነበረባቸው፣ ከሁሉም ደግሞ ዝም ብለው የሚተኙት። የዘጌው አባትሽ ጮኸዋል፤ ግሉኮስ ነቅለዋል፤ ስለዚህ ጠዋት ሐኪም ደረሰላቸው። ነጠላዋን ተከናንባ ፊቷን ወደ ግድግዳ መልሳ ስታንቀላፋ የምትውለው አሮጊት ግን ማንንም ስለማታስቸግር በርክክብ ላይ «ሰላም አድረዋል» ተብላ ታልፋለች። እኔ በሥራ ዘመኔ የምጸጸተው በጮኹት ላይ ሳይሆን በእንዲህ ዓይነቶቹ ላይ ነው። ቀን ከሌት የሚያንቀላፋ፣ ስትጠሪው ዘግይቶ «እ?» የሚል፣ ጉርሻውን አፉ ውስጥ ይዞ የሚረሳ ሽማግሌ ካየሽ የሚያስፈራው እርሱ ነው።

አሁን ስለ መጠየቂያው ልንገርሽ፤ በዚህ ላይ ከመጽሐፉ ትንሽ ወጣ ማለት ግድ ይሆናል። በውጭ አገር የተዘጋጁት መመዘኛዎች ዕድሜን፣ የልደት ቀንን፣ ዓመተ ምሕረትን፣ ወራትን ከኋላ ወደ ፊት መቁጠርን ይጠይቃሉ። አንድን የጣና ዳር ሽማግሌ «መቼ ተወለዱ?» ብትያቸው «ጣሊያን ሲወጣ ነው» ይሉሻል፤ መልሱ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ሳለ በቅጹ ላይ ዜሮ ይጻፍላቸዋል። እኔ እጠይቅ የነበረው «ዛሬ ማን ነው የሚነግሠው?» ብዬ ነው። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ መሆኑ ፊደል ካልቆጠረች እናት አይጠፋም፤ ቀኑ ቢሳሳታት እንኳ «ትናንት ሚካኤል አልነበር?» ብላ ትከራከርሻለች፤ መከራከር መቻሏ ራሱ መልስ ነው። ሙስሊም ለሆኑት ጁምዓ ስንት ቀን እንደቀረው መጠየቅ ይቻላል። ለትኩረት ደግሞ የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ወደ ኋላ፣ ቅዳሜ፣ ዓርብ፣ ሐሙስ እያሉ እንዲቆጥሩ አድርጊ። ጤነኛ ሰው እየሳቀም ቢሆን ይጨርሰዋል፤ ዴሊሪየም ያለበት ሐሙስ ላይ ይቆምና ስለ ጀልባው ይነግርሻል። በጥናት የተፈተነው የቀናቱ ቆጠራ ነው፤ የታቦቱ ጥያቄ የእኔ ልምድ በመሆኑ እንደ መግቢያ እንጂ እንደ ፈተና አትያዢው።

የሥራውን ቅደም ተከተል ባጭሩ ልንገርሽ። ሌሊት ላይ የሚቃዥ ሽማግሌ ስታገኚ በመጀመሪያ ስኳሩን ለኪ፤ የወረደ ስኳር በደቂቃዎች ውስጥ የሚታረም፣ ካልታረመ የሚገድል ነገር ነው። ከዚያ ኦክስጅኑን፣ ሙቀቱን፣ የደም ግፊቱንና ትንፋሹን እዪ፤ ከእምብርት በታች ዳስሺ፤ መቼ እንደሸኑ፣ መቼ እንደተጸዳዱ፣ ምን እንደጠጡ ጠይቂ። ታኅሣሥ ነው ብለሻል፤ የነቢያት ጾም ነው። ብዙ ሽማግሌዎች ታመውም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አይቀምሱም፤ ይህንንም ለነርስ አይናገሩም። ከዚያ የመድኃኒት ካርዱን ተመልከቺ፦ አሚትሪፕቲሊን (የድብርት መድኃኒት)፣ ፕሮሜታዚን (የአለርጂና የማቅለሽለሽ መድኃኒት)፣ ትራማዶል (የሥቃይ ማስታገሻ) ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው አንጎል ከባድ ናቸው። «እንዲያርፉ» ተብሎ የሚሰጠው ዳያዜፓምም አብዛኛውን ጊዜ ያብሰዋል፤ ነገር ግን በየቀኑ አረቄ ይጠጣ የነበረና ሆስፒታል በመግባቱ ያቋረጠ ሰው በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቀን ቢንቀጠቀጥና ቢቃዥ ለእርሱ መድኃኒቱ ያው ዳያዜፓም ነው። ስለዚህ ስለ መጠጥ ሳታፍሪ ጠይቂ። ቄስም ቢሆኑ ጠይቂ። ያገኘሽውንም ተረኛው ሐኪም ሌሊቱን እንዲያውቀው አድርጊ፤ ለጠዋቱ ራውንድ አታቆዪው።

ስለ ማሰሩ አልሸሽግሽም፤ ስሕተት ነበር። የታሰረ ሰው ይበልጥ ይታገላል፤ ፋሻው ሥጋውን ይቆርጣል፤ በጀርባው ተጋድሞ ሲቀር ትውከት ወደ ሳንባው ሊወርድ ይችላል፤ መቃዠቱም ይረዝማል። ሌላው መንገድ ሁሉ ተሞክሮ ሲያልቅ፣ ለአጭር ጊዜ፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ በቻርት ላይ ተጽፎ፣ በየጊዜው እየታየ ካልሆነ በስተቀር አይደረግም። ለሠላሳ ሰው ሁለት ሆናችሁ ምን ማድረግ ትችሉ እንደነበር ግን መልሱ አጠገባችሁ ቆሞ ነበር፦ ልጃቸው። በሌላው ዓለም ሆስፒታሎች ገንዘብ አውጥተው፣ በጎ ፈቃደኛ መልምለው የሚያመጡትን ሰው እኛ በነጻ አግኝተነው «ውጣ» እንለዋለን። እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ በሆነ የዬል ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው 852 ሕመምተኞች መካከል እንደ ወትሮው ከታከሙት 15 ከመቶው ዴሊሪየም ሲያድርባቸው፣ ልዩ ክትትል ከተደረገላቸው ግን 9.9 ከመቶው ብቻ ነበሩ። ልዩ ክትትል የተባለው አዲስ መድኃኒት አልነበረም፤ ቀኑንና ቦታውን እየነገሩ ማጫወት፣ ማጠጣት፣ ደግፎ ማራመድ፣ መነጽርና የመስሚያ መሣሪያ ማቅረብ፣ ሌሊት ሳይቀሰቅሱ ማስተኛት ነበር። ልጃቸውን እጃቸውን ይዞ «አባዬ፣ ባሕር ዳር ነን፤ ጀልባው ነገ ነው» እንዲላቸው ብታደርጊ ኖሮ ፋሻው ባልተፈለገ ነበር።

«ለምን አላስተማሩንም?» ላልሽው፣ የነርስነት ትምህርታችን ለእናቶችና ለሕፃናት፣ ለወባ፣ ለሳንባ ነቀርሳና ለኤች አይ ቪ ሰፊ ቦታ መስጠቱ አያስወቅሰውም፤ ሕዝባችንን ይጨርሱ የነበሩት እነርሱ ነበሩ። የሽማግሌው አልጋ ግን በውስጥ ደዌ ምዕራፎች ጥግ ላይ ቀረ። እኔም ሳስተምር ያን ምዕራፍ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨርሼ አልፌ አውቃለሁ። ስለዚህ የጥፋትሽ ተካፋይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አማካሪ። በሽምብጥ ነዋሪ ነኝ። እናቴ ሦስት ዓመት የሆነው የመርሳት ችግር አለባቸው። በቅርቡ ወድቀው ዳሌያቸው ስለተሰበረ ለቀዶ ሕክምና ሊገቡ ነው። ከዚህ ቀደም ሲታመሙ ያስተናገደችን ነርስ እኔን እያየች «ትበላለች ወይ? ትሸናለች ወይ?» ትለኝ ነበር፤ እናቴ ልጅ እያሳደጉ፣ ሰው ሲያስታርቁ የኖሩ ናቸው። ነርሶችን ሳላስቀይም እናቴን እንዴት ላስከብራቸው? (ልጃቸው፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ስሜትዎ ይገባኛል። በቋንቋችን ንቀት በአንዲት ፊደል ይገባል፤ «ይበላሉ» «ትበላለች» ሲሆን ሰውየው ከአልጋው ላይ የጠፋ ያህል ነው። ናታን ኮጋን የተባለ የሥነ ልቡና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ሰዎች ለአረጋውያን ያላቸውን አመለካከት የሚለካበት፣ 34 ዓረፍተ ነገሮች ያሉት መጠይቅ አዘጋጅቶ ነበር፤ እስከ ዛሬም ነርሶች ይመዘኑበታል። ለእኛ ነርሶች ቢሰጥ ውጤቱ ያማረ እንደሚሆን አልጠራጠርም፤ ሽማግሌን አላከብርም ብሎ በወረቀት ላይ የሚፈርም አበሻ የት ይገኛል? ነገር ግን «እማማ፣ አይዞዎት» እያለች በአክብሮት የምታልፍ ነርስም አለች፤ ስማቸውን አትጠይቅም፤ የት እንደሚያማቸው አትጠይቅም። «አይዞዎት» ማስታገሻ ሆኖ የሚቆጠርበት ክፍል ብዙ አይቻለሁ። የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ሥቃዩን በቃል ላይነግራት ስለሚችል፣ ፊቱን ሲያኮሳትር፣ ሲያቃስት፣ እግሩን ሲሸሽግ የምታስተውልልዎት ነርስ ትሻላለች፤ አንደበቷ ቢሻክርም።

እንዲህ ያድርጉ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት በአንድ ወረቀት ላይ የእናትዎን ስምና የሚወዱትን አጠራር፣ በቤት ማንን እንደሚያውቁና ማንን እንደሚረሱ፣ ምን እንደሚያስፈራቸው፣ ሲያማቸው ምን እንደሚያደርጉ፣ የትኛው ጆሯቸው እንደሚሻል፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ጽፈው ለተረኛዋ ነርስ በእጅዋ ይስጧት፤ ቻርቱ ላይ እንዲያያዝም ይለምኗት። መነጽር ካላቸው መነጽራቸውን፣ ነጠላቸውን፣ የጸሎት መጽሐፋቸውን ወይም መቁጠሪያቸውን ይዘው ይግቡ። የሚጾሙ ከሆነ የንስሐ አባታቸው አስቀድመው መጥተው በሕመም ምክንያት መጾም እንደማይገባቸው በራሳቸው አንደበት ይንገሯቸው፤ ከነርስ ቢሰሙት አይቀበሉትም። የዳሌ ስብራት ያለበትና ቀድሞ መርሳት የጀመረው ሽማግሌ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለዴሊሪየም እጅግ የተጋለጠ ነውና አዳሩን እርስዎ ወይም እርሳቸው የሚያውቁት ሌላ ሰው አይለይ። መርሳቱ የሦስት ዓመት ነው፤ ከወትሮው የተለየ ነገር በአንድ ሌሊት ካዩ «የቆየ በሽታዋ ነው» ቢባሉም እሺ አይበሉ፤ «ትናንት እንዲህ አልነበሩም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ለነርሷም ለሐኪሙም ይደጋግሙት።

ስለ «ትበላለች» ደግሞ፣ ነርሷ ስትጠይቅዎት ወደ እናትዎ ዘወር ብለው «እማዬ፣ ሲስተር ምሳ በሉ ወይ ትልዎታለች» ይበሉ። ብዙ ጊዜ ሳይወቅሱ ያስተካክላል።

ጥያቄ፦ በጣና ምዕራባዊ ዳርቻ በሚገኝ ጤና ጣቢያ የነርሶች አስተባባሪ ነኝ። ለሥልጠና በጀት የለንም። ነርሶቼ አረጋውያንን በተመለከተ ዕውቀታቸው እንዲሻሻል ምን ላድርግ? (አስተባባሪ)

መልስ፦ ስለ መርሳት በሽታ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ልዩ ባለሙያ ለሌለባቸው ጤና ተቋማት ያዘጋጀው የአእምሮ ጤና መመሪያ ምዕራፍ አለው፤ በአገራችንም ሥልጠናው ሲሰጥ ቆይቷልና የወረዳችሁን ጤና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ ለፈቃድ እድሳት በሚያስፈልገው ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻም ይያዝላችሁ እንደሆነ አብራችሁ አጣሩ። በአዳራሽ የሚሰጥ የሁለት ቀን ሥልጠና ግን በክፍሉ ውስጥ የሚያስታውስ ነገር ካልተከተለው ወዲያው ይተናል። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን በርክክብ መዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ እጨምር ነበር፦ «አስታማሚው ምን ይላል?» ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሕመምተኛ ሁሉ ተረኛዋ ነርስ አስታማሚውን «ከወትሮው ተለውጠዋል ወይ? ከመቼ ጀምሮ?» ብላ ጠይቃ መልሱን ከሰዓቱ ጋር በዚያ ትጻፍ። መልሱ «አዎ» ከሆነ ስኳር፣ ሙቀት፣ ትንፋሽ፣ ሽንትና የወባ ምርመራ ይከተላል፤ በጤና ጣቢያ አቅም ይህ ሁሉ ይቻላል፤ መነሻው ካልተገኘ ሪፈር ሲጻፍ «ድንገተኛ መቃዠት፣ ከትናንት ማታ 2 ሰዓት ጀምሮ» ተብሎ ይጻፍ። «ደካማ አረጋዊ» ብሎ የጻፈ ሪፈር ባሕር ዳር ሲደርስ ወረፋ ይጠብቃል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነርሶችዎ ዓምዱን ባዶ ይተዉታል፤ አይቆጡ፤ ጠዋት ጠዋት አንዱን ባዶ መስመር ይዘው አልጋው ድረስ ይሂዱና አስታማሚውን እርስዎ ራስዎ ይጠይቁ፤ ነርሷም አጠገብዎ ቆማ ትስማ።